የትዝታ ምሳ

ከኮሌጅ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንገቱ በምትባል የባሌ ከተማ፣ ጫካ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት አስተማርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ አሁን ሮቤ ገበያው አጠገብ ከአባቴ የተረከብኩትን የጨርቅ ሱቅ ይዤ ተቀምጫለሁ። አባቴ ከስልጤ አገር ለንግድ መጥቶ ባሌ አገር የቀረ ሰው ነበር፤ ልጁ መምህርት መሆኗን እስኪሞት ድረስ ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ኖረ። ስለዚህ ለድሮ ተማሪዎች ቀን ስጠራ አላንገራገርኩም። አዲስ ቀሚስ ሁሉ አሰፋሁ።

የጠራኝ አብሮኝ የተማረ ሰው ነው። ያኔ ከሁላችንም ቀጭኑ እሱ ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ ትልቅ ቦታ ደርሷል፣ ቦርጩ ቀድሞት ነው የሚገባው።

«ባህላችንን ልንመልስ ነው!» አለኝ በስልክ። «ፍራሽ መሸከሙን፣ ደወሉን፣ የካፌውን ምግብ፣ ሁሉንም። እንዳትቀሪ!»

ኮሌጁ ከጎባ ወጣ ብሎ ዳገቱ ሥር ነው። ጠዋት ከሮቤ በሚኒባስ ስሄድ መንገዱ ግራና ቀኝ ኮምባይኖች ስንዴ ያጭዳሉ። ደስ ብሎኝ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ሽማግሌ ጥበቃ «አካም ጅርቱ? ነጌያ?» እያለ በኦሮምኛ ሰላምታ ሁለት እጁን ሲዘረጋልኝ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

ግቢው ውስጥ እንግዶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢጫ ቲሸርት ለብሰዋል። ለእኔም ሰጡኝ፣ በቀሚሴ ላይ ደረብኩት። ከዚያ የፍራሹ ነገር ተጀመረ።

እኔ ከአጋርፋ አክስቴ ቤት ተነስቼ መጀመሪያ ኮሌጁ የገባሁ ቀን ዝናብ ነበር። በሩ ላይ ፍራሼን ተሸክሜ ስደናበር አንዲት የማላውቃት ሲኒየር ምንም ሳትለኝ ከራሴ ላይ አውርዳ በራሷ ተሸከመችልኝና እስከ ዶርም አደረሰችኝ። ባህሉ ይሄ ነበር፤ ነባሩ የአዲሱን ፍራሽ ይሸከማል። በቀጣዩ ዓመት እኔም ተሸከምኩ።

አሁን ግን አራት ፍሬሾች አንድ ፍራሽ በአራት ማዕዘን ይዘዋል፤ ፍራሹ ላይ አንድ ወፍራም እንግዳ ተቀምጦ እጁን ያውለበልባል። ልጆቹ ሜዳውን እያዞሩት ነው። የአንዱ ጫማ ወልቆ ቀርቷል፤ ፎቶ አንሺው «ቀስ በሉ! ፈገግ በሉ!» ይላል።

«እኛ እኮ ነበርን ለእነሱ የምንሸከመው» አልኩት ያን በስልክ የጠራኝን የክፍል ጓደኛዬን።

«ተይ እንጂ፣ ለፎቶ እንዲህ ነው የሚያምረው» አለና ተራው ደርሶ ነበርና ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ፍራሹ ላይ ወጣ።

የቲሸርቱ ኮሌታ አንገቴን ሲያሳክከኝ ተሰማኝ።

ምሳ ደረሰ ተባለና ወደ ካፌ ሄድን። ተማሪዎቹ በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ይዘው ቆመዋል። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ያን ቀን ክፉ ነበር፤ ጋቢና ብርድ ልብስ የተከናነቡ ብዙ ናቸው። እኛ በመሃላቸው ስናልፍ ሂጃብ ያደረገች አንዲት ቀጭን ልጅ እጄን ነካ አደረገችኝ።

«አዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቶሎ ይጨርሳሉ?» አለችኝ። «ቁርስም ለዝግጅቱ ተብሎ ቀርቶብናል።»

አነጋገሯን ሰምቼ የየት ልጅ እንደሆነች ገባኝ። «የአንገቱ ልጅ ነሽ?» ስላት ሳቀች። «ቶሎ እንወጣለን» አልኳት።

ውስጥ እንደ ድሮው በፕላስቲክ ትሪ ምስር ወጥና አንዳንድ ዳቦ ቀረበልን። ዳቦውን ወደ አፌ ሳስጠጋ የሻጋታ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ገመስኩት፤ ውስጡ ነቀዝ አለበት፣ አንዱ ገና ይንቀሳቀሳል። ያ ሁሉ ስንዴ ደጃቸው ላይ እየታጨደ! ትሪውን ገፋ አደረግኩት። ሌሎቹ ግን ይስቃሉ። አንዷ ቆንጆ ሴትዮ ከወጡ ቀምሳ ስታበቃ ጠጠር ነከሰች፤ «ይኸውላችሁ፣ ጠጠሩም ሳይቀየር!» ብላ መልሳ ትሪው ላይ ተፋችው። ሌላው በጠቀሰበት ዳቦ ምላሱን ጠራርጎ ወጡ ውስጥ ጣለው። አጠገቤ ያለው አፍንጫውን በሶፍት አጸዳና ሶፍቱን ምስሩ ላይ አኖረው።

«ይሄን በልተን ነው ሰው የሆንነው!» አለ ጓደኛዬ ቆሞ። ተጨበጨበለት። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ «ብዙ እንዳትበሉ፣ ጎባ ሆቴል በግ ታርዷል» አለን።

ሁሉም ተነሱ። ወጥ ቤቷ ትሪዎቹን ይዛ ወደ ቆሻሻ በርሜሉ ስትሄድ ጓደኛዬ ጠራት።

«አይደፋም! ምንም አልተነካም እኮ። ወደ ድስቱ መልሺው፤ ልጆቹ እየጠበቁ ነው።»

ሴትዮዋ አየችው። እኔንም አየችኝ። ከዚያ ሶፍቱን በሁለት ጣቷ አውጥታ ጣለችና የተረፈውን ሁሉ፣ የተተፋውንም ጭምር፣ ወደ ትልቁ ድስት ገለበጠችው። አፌን በሻርፔ ያዝኩ።

በሩ ክፍት ነበር። ከሰልፉ ፊት ያሉት አይተዋል። መጀመሪያ አንድ ትሪ ተመታ፣ በኩባያ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሰልፉ በሙሉ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ እስኪነዝር ድረስ።

በእኛ ጊዜ ምግቡ ሲበላሽ ማንም ቃል አይተነፍስም ነበር፤ የተናገረ ይባረራላ። ትሪ ነበር የምንመታው። ሁሉም ስለሚመታ ማን እንደጀመረ አይታወቅም። ከነበረን ባህል ሁሉ ሳይገለበጥ የቆየ እሱ ብቻ ነው። ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዶቹ ግን በምቱ እየተወዛወዙ ማጨብጨብ ጀመሩ። ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹ።

«ትሪ መምታት ምን ማለት እንደሆነ ረሳኸው?» ብዬ ጓደኛዬ ላይ ጮህኩበት።

«ባህል ነዋ! ማንም ሳያዛቸው! እንዴት ያምራል!» አለ፣ እሱም እያጨበጨበ።

ድስቱን ላነሳ ስሄድ ለብቻዬ አልቻልኩትም። ያቺ የአንገቱ ልጅ ገብታ ሌላውን ጆሮ ያዘች። ወጥ ቤቷ የኋላውን በር ከፈተችልን። ጓሮ ወስደን ደፋነው።

«ምን ነካሽ? ደግሰን ጠርተን እንዲህ ታዋርጂናለሽ?» አለ ጓደኛዬ፤ ፊቱ ቀልቷል። ቲሸርቱን አውልቄ ወንበር ላይ ተውኩት። አውቶቡሳቸው ወደ ጎባ ሄደ።

ለተማሪዎቹ ሽሮ እንደ አዲስ ተጣደ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ደረሰ፤ ቀጭን ነው፣ ጨው የለውም። ከልጅቷ ጋር አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ሦስት ጉርሻ በላሁ፤ ከዚያ በላይ አልወርድ አለኝ። እሷ ትሪውን ጠርጋ በላች።

«ለምን እንደመታችሁ እኮ አልገባቸውም» አልኳት፣ ያጽናናኋት መስሎኝ።

ጣቷን ላሰችና አየችኝ። «ገብቷቸዋል፣ አዴ። እነሱም እኮ እዚሁ ነው የተማሩት።»

ስልኬ ጠራ፤ ጓደኛዬ ነው። «በይ ነይ እንጂ፣ ተቆጥተሽ ነው? ጥብሱ እየቀዘቀዘ ነው» አለኝ፤ እየጎረሰ ነበር የሚያወራው፣ ሲያኝክ ይሰማኛል። ዘጋሁበት።

ሮቤ ስገባ ባለቤቴ ሱቁን ሊዘጋ መዝጊያውን እየጎተተ ነበር። «እንዴት ነበር?» አለኝ። «መጀመሪያ ውሃ ስጠኝ» አልኩትና ደጃፉ ላይ ቆሜ አፌን ደጋግሜ ተጉመጠመጥኩ።