ሁለት ጣት ስፌት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። የተጀመረው ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቡራዩ ባለው ቤታችን ነው።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሳ ዩኒቨርሲቲያችን ትምህርት አቋርጦ ወደ ቤት ከመጣሁ ሁለተኛ ቀኔ ነበር። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ «አካም ጅርታ!» እያሉ ገብተው አገላብጠው ሳሙኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ጎሽ፣ ግቢው ተስማምቶሻል!» አሉ። ወደ አሥራ አራት ዓመቷ እህቴ ወደ ሌንሳ ዞረው ደግሞ «ይቺ ግን ሸንበቆ! ምን ብትለብስ ያምርባታል።»

እሳቸው ማመስገናቸው ነበር። እኔ የሰማሁት «ወፈርሽ» የሚለውን ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ወገቤን በሜትር ለክታ ቁጥሩን ደንበኛ ፊት ጮክ ብላ ትጠራው ነበር። የሌንሳን ስትጠራ ግን ፈገግ ትላለች። ያን ፈገግታ ስጠብቅ አደግሁ።

ወዲያው ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ። ታክሲ ስለጠፋ አባቴ ከአዲስ አበባ በእግሩ እየመጣ ነበርና ሁሉም ወደ በር ሮጡ። እኔስ? እኔ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ሌንሳ እሁድ ለአጎታችን ሰርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ገልብጬ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጣት አጠበብኩት። አባቴ ይሙት ይትረፍ ሳይታወቅ፣ እኔ ይህን አደረግሁ።

አባቴ ደህና ገባ። ማታ ሌንሳ ቀሚሱን ስትለካው ዚፑ እንቢ አለ።

«ሚሚዬ፣ ወፈርኩ እንዴ?»

«ትንሽ» አልኳት።

ማን አስገደደኝ? ማንም አላስገደደኝም። ራቷን ሳትበላ ተኛች።

ዛሬ እሷም ግቢ ገብታለች። ምግብ ሲቀርብ ሰበብ ትፈልጋለች። መስታወት ፊት በጎን ቆማ ሆዷን ታስገባለች፤ የትከሻዋ አጥንት ወጥቶ እንኳ «ወፍራም ነኝ» ትላለች። ይህን ያስተማሯት አዴ ጫልቱ ናቸው? እናቴ ናት? እኔ ነኝ። የት እንደሚያም አውቅ ነበር፤ አውቄ እዚያው ወጋኋት። ይቅር በሉኝ አልልም፤ የከፋውን ገና አልተናገርኩም።

በዚያ ሐሙስ ማግስት ማልጄ ተነሳሁና ያጠበብኩትን ስፌት ፈታሁት፤ ማንም ሳያየኝ። ሌንሳ ስትነቃ እየፈራች ለበሰችው። ዚፑ ሽቅብ ወጣ።

«አየሽ!» አለች እየተሽከረከረች፣ «አንድ ራት ብተው ከሳሁ!»

የፈታሁት ክር መዳፌ ውስጥ ነበር። ጨበጥኩትና «አምሮብሻል» አልኳት።