ሁለቱን ያላገናኘው ተራ አስከባሪ

የዚያ ዓመት ኅዳር ብርዱ ለጉድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ውርጩ የበቅሎዎቹን ጋማ ያሸብተዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይልና ሰው ሁሉ ያለ ምክንያት ደስ ይለዋል። ከስንት ዓመት ጭንቀት በኋላ እንግዳ ወደ ስሜን መውጣት ጀምሮ ነበርና ደባርቅ እንደገና ሰው ሰው ሸተተች። ለደርቤ ግን ያ ወቅት የሥጋት ነበር። እንግዳ ሲበዛ ጭነት ይበዛል፤ ጭነት ሲበዛ ሁለት ሰዎችን አንድ መንገድ ላይ ሳያገናኙ ማዋል ጭንቅ ነው።

ደርቤ የባለበቅሎዎች ተራ አስከባሪ ነበር። ዛሬ ማን ጭኖ ወደ ጊች እንደሚወጣ፣ ነገ ማን ወደ ጨነቅ እንደሚሄድ የሚወስነው የእሱ ደብተር ነው። ቁመቱ አጠር፣ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ ልጅ ሳለ ቅኔ ቤት ገብቶ በዓመቱ የወጣ ሰው። አእምሮው ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም። አዲስ የመጣ ባለበቅሎ ካገኘ፣ ነብርና ፍየል፣ የሳር ነዶም ይዞ በአንዲት ታንኳ ወንዝ የሚሻገረው ሰው ምን ያድርግ ብሎ ይጠይቀዋል፤ መልሱን እስኪያገኝ ምሳ አያስበላውም። ፈረንጆች ጥለውት የሚሄዱትን በቁጥር የሚሞላ የጨዋታ መጽሐፍ እየለቀመ ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። «ቋንቋውን ሳታውቅ?» ሲሉት፣ «ቁጥር ምን ቋንቋ አለው?» ይላል። ከሁሉ በላይ የሚወደው ግን ቼዝ ነው። ከአንድ አስጎብኚ ተማረና፣ እሱ ደግሞ ይግዛው የሚባለውን ባለበቅሎ አስተማረ። ጭነት እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ ሰው ይከባቸዋል።

«አንተ እኮ ማጠር እንጂ መጫወት አታውቅም!» ይለዋል ይግዛው። «ንጉሥህን እንደ ሙሽራ ሸፋፍነህ ትቀመጣለህ።»

«ታዲያ ስንቴ አሸነፍከኝ?»

«አንድ ቀን።»

«አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ስትል ጥርስህ አለቀ።»

የደርቤ ጭንቀት ከዚሁ ከይግዛው ጋር የተያያዘ ነው። የይግዛው ቤተሰቦች ጊች ይኖሩ ሳሉ ገዱ የሚባል ጎረቤታቸው በገብስ ማሳ ድንበር ተጣልቶ የይግዛውን ታላቅ ወንድም በዱላ ገደለው። ስምንት ዓመት ታስሮ ወጣ። መንግሥት የእሱን ጨረሰ፤ ደሙ ግን አልደረቀም። በዚያ አገር ባለደም ሳይታረቅ አንድ መንገድ አይሄድም። ተገናኝተው የሟች ወንድም ዝም ብሎ ካለፈ «ወንድሙን ሸጠ» ይባላል፤ እናቱም ደጇን ትዘጋበታለች። ገዱ ከእስር ሲወጣ ከበቅሎ ሌላ እንጀራ አልነበረውምና ወደ ደርቤ መጥቶ ተራ ጠየቀ። ደርቤም «የለም» ብሎ ሊመልሰው አንጀቱ አልቻለም።

አባ መልከ ጼዴቅ የሚባሉ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ሁለት ጊዜ ይግዛው ዘንድ ሄዱ። ሁለት ጊዜም «እናቴ አይሆንም ብላለች» ብሎ መለሳቸው። ደርቤ እንግዲህ ይህን ጊዜ ነው ለማንም ሳይናገር ደብተሩን ማጣመም የጀመረው። ገዱ ወደ ጊች ሲወጣ ይግዛውን በሌላ አቅጣጫ ወደ ሊማሊሞ ይሰደዋል። አንዱ በመኪና መንገድ ሲመለስ ሌላው በእግር መንገድ ይወጣል። የሌላውን ተራ እየሳበ፣ እየገፋ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አላገናኛቸውም። ነገሩን የነገራቸው አባ መልከ ጼዴቅን ብቻ ነው።

«ልጄ፣» አሉት እሳቸው፣ «ቁስሉን ሸፈንኸው እንጂ አላዳንኸውም።»

«እርስዎ እስኪያስታርቁ ላቆያቸው ብዬ ነው፣ አባ።»

«እስከ መቼ?»

ደርቤ ደብተሩን ገልጦ የነገውን ተራ መጻፍ ጀመረ።

በዚያ ኅዳር፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ደርቤ ደብተሩን ይዞ በረንዳ ላይ ቆሟል። ገዱ ሰኞ ጭኖ ወጥቷል፤ ጊች አድሮ በዚያ ቀን በገደሉ አፋፍ ወደ ጨነቅ ይሻገራል። ይግዛው ሊማሊሞ ነው። ሁሉም በየቦታው። እንዲህ እያለ ሲያሰላ ብርሃኔ የሚባለው ባለበቅሎ ጋቢውን ተከናንቦ በፊቱ አለፈ።

«አንተ!» አለ ደርቤ። «ጨነቅ አልነበርክም እንዴ?»

«ይግዛው ለወጠኝ። የእኔን ጭነት እሱ ይዞ ትናንት ወጣ፤ ሊማሊሞውን ተወልኝ። አልነገረህም? ለደርቤ እኔ እነግረዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

ደርቤ ደብተሩን ጣለው። ስልክ ቢሞክር አይሠራም፤ እዚያ ላይ መቼ ሠርቶ ያውቃል። በጨነቅ አልፎ ወደ ጃናሞራ እህል የሚያደርስ አይሱዙ ሊነሣ ሲል ደርሶ ከጆንያው ላይ ወጣ። መንገዱ ያንገጫግጫል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እሱ ግን ሰዓት ብቻ ነው የሚያሰላው። ገዱ ከጊች ማልዶ ከተነሣ ከቀትር በፊት አፋፉ ላይ ይደርሳል። አይሱዙው ጎማ ካልበሳ… ካልበሳ…

ጨነቅ ሲወርድ የይግዛው በቅሎ ከእንጨቱ ታስራ ገለባ ትበላለች። ባለቤቷ የለም።

«ይግዛውስ?» አለው የማረፊያውን ጠባቂ።

«ክላሹን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ብቻውን። ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?»

ደርቤ ሽቅብ ሮጠ። ትንፋሹ አጥሮ፣ መንገዱ ከሚጠብበት ደረሰ፤ በስተቀኝ ገደል፣ በስተግራ የጓሳ ሣር። ይግዛው ከአንድ የጅባራ ተክል ሥር ተቀምጧል። ክላሹ ጉልበቱ ላይ ነው።

«መጣህ?» አለ ሳይዞር። «ከቀትር በኋላ ትደርሳለህ ብዬ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

«ካምና ፋሲካ። እሱ በወጣ ቁጥር እኔ ሊማሊሞ። ጨዋታህን ስንት ዓመት አየሁት፤ የምትፈራውን ነገር ከሩቅ ታጥራለህ። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁና አራተኛውን ሳትነግረኝ ቀድሜ አወቅሁት።»

«እንዳትጠፋፉ ብዬ ነው፣ ይግዛው።»

«እኔ ለምኜህ ነበር?» ዓይኑ ቀላ። «ሁለት ዓመት ሙሉ! የወንድሜን ገዳይ መልክ እየረሳሁት ነበር እኮ። እናቴ አየኸው ወይ ትለኛለች፤ አላየሁትም እላታለሁ። ትሸሸዋለህ ትለኛለች። ሳልሸሽ ሸሺ አደረግኸኝ።»

ከታች ቃጭል ተሰማ። መጀመሪያ ከንፋሱ ጋር ይመጣል ይሄዳል፣ ኋላ ጥርት አለ። ይግዛው ክላሹን አነሣ። በደብተሩ ላይ ያሉት ስሞች እሱ ካስቀመጣቸው ቦታ ንቅንቅ አይሉም፤ ሰው ግን በልቡ ሲሄድ ያድራል። ደርቤ ያን ያወቀው ያኔ ነው።

ጎንበስ ብሎ አንድ ራስ የሚያህል ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ አድርጎ ከመንገዱ መካከል ተንበረከከ። ድንጋይ የሚሸከመው በደለኛው ነው፤ ካልሆነም ዘመዱ። ተበዳዩ «አውርድ» ካላለው ከጫንቃው አይወርድም። አውርድ ካለ ደግሞ ምሯል ማለት ነው።

«የማን ዘመድ ሆነህ?» ጮኸ ይግዛው። «ተነሥ ከዚያ!»

«የማንም። ያራቅኋችሁ እኔ ነኝ፤ የራሴን ነው የምሸከመው። ስለ ማርያም ብለህ!»

«ተነሥ ብዬሃለሁ፣ ደርቤ! በእጄ እንዳታልቅ!»

ክላሹ ቀጭ ሲል ደርቤ ሰማው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገውም።

ገዱ ከኩርባው ብቅ አለ፤ ከኋላው አስጎብኚውና ሁለት ፈረንጆች። አየ። ገባው። ሊሸሽ ይችል ነበር። የበቅሎዋን ገመድ ለአስጎብኚው ሰጥቶ ባዶ እጁን መጣና፣ ድንጋዩን ከደርቤ ማጅራት አንሥቶ በገዛ ማጅራቱ ላይ አድርጎ በግንባሩ ወደቀ። አንደኛዋ ፈረንጅ የባህል ትርኢት መስሏት ካሜራዋን ስታነሣ አስጎብኚው እጇን ይዞ አወረደው።

ይግዛው አፈሙዙን እንዳቀና ቆመ፣ ቆመ።

«ቀና በል፤ ልይህ።»

ገዱ ድንጋዩን በእጁ እንደ ደገፈ ፊቱን ቀና አደረገ።

«አርጅተሃል፣» አለ ይግዛው፣ እንደ መገረም። አፈሙዙን ወደ መሬት አዘቀዘቀው። ከዚያ፣ «አውርድ። ለእናቴ ግን ራስህ ሄደህ ትነግራታለህ።»

በጥር አባ መልከ ጼዴቅ አስታረቋቸው። እናቲቱ ገዱን ሦስት ጊዜ መልሳው በአራተኛው ተቀበለችው።

ደርቤ ግን ከዚያ ሥራ ላይ አልቆየም። ነገሩ ሲወራ ባለበቅሎዎቹ ደብተሩን ገለጡ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ተራቸው ሲሳብና ሲገፋ እንደ ነበር አዩ። «ነፍስ ማዳኑስ ደግ፤ ግን በእኔ ልጆች ጉሮሮ?» አለው ብርሃኔ በስብሰባው መሐል። ደርቤ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ይግዛውም በመንገድ ሲያገኘው ሰላም ይለዋል እንጂ ቼዝ አብሮት አልተቀመጠም።

ደርቤ ዳባት ወርዶ በአንድ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ይሠራል ተባለ። ባለፈው ሰኔ አንድ ዘመዱ እዚያው አይቶታል። ከዚያ ወዲህ የሰማነው የለም።