በመዳፍ የተቀመሰ

እትዬ አስናቀች ለማንም ሰው የሚጠጣ ነገር ከማቀበላቸው በፊት ግራ መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ያፈሱበትና ይቀምሳሉ። ዛሬ የሚያቀብሉት ውሃ ብቻ ነው፤ እሱንም አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ለጠያቂ። መዳፉ ግን አልቀረም።

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ያለውን ጠጅ ቤታቸውን ከከፈቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ማሩ ከኪቱይ፣ ጌሾው በሞያሌ በኩል ይመጣላቸዋል። አሳላፊ ሳይቀምስ ብርሌ ለእንግዳ እንደማይቀርብ የተማሩት አባታቸው ቤት ነው። ከኢምባካሲ መጋዘኖች የሚመጡ ደንበኞች በዚህ ያሾፉባቸው ነበር።

"እትዬ፣ ዛሬም መርዝ የለውም?" ይላል ሱራፌል የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር።

"ቢኖረው በማን ይጀምራል? ዝም ብለህ ጠጣ!"

በቀን አርባ ብርሌ ከወጣ አርባ ጊዜ መዳፍ ሙሉ ይቀምሳሉ። ለራሳቸው ግን ብርሌ ይዘው አያውቁም፤ በዓል ሲሆን እንኳ ብርዝ ነበር የሚጠጡት።

ከሦስት ዓመት በፊት ድካምና የቆዳ ማሳከክ ጀመራቸው። የገበያ ስዋሂሊ ይበቃቸዋል፤ ለሐኪም ግን አይሆንም፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ይዘው ሄዱ።

"አልኮል ይጠጣሉ?"

"ኧረ በማርያም! አልጠጣም።"

አልዋሹም። መዳፍ ላይ ያለ ጠጅ እሳቸው ዘንድ መጠጥ አይደለም፤ ሥራ ነው። አስተርጓሚዋ ያሉትን አለች፣ ሐኪሙም ጻፈው። በዓመቱም፣ በሁለተኛው ዓመትም ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። ቫይረስ ተፈለገ፣ ቅባት ተከለከለ። ጠጁ ቀጠለ።

ዘንድሮ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ሆዳቸው ውሃ ያዘ። ዶክተር ሚልካ የምትባል ሐኪም ዘንድ ተራቸው ደርሶ እንደተቀመጡ፣ ለአስተርጓሚዋ ውሃ ሊሰጧት ከጠርሙሱ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ቀመሱ። ዶክተሯ አየች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

በኩራት አስረዷት። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "በቀን ስንት ጊዜ?"

ከዚያ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። የጉበት ሕዋስ ገጽ ላይ ተቀባዮች አሉ፤ በደም ውስጥ የሚዞረውን ያረጀ ፕሮቲን ይዘው ወደ ውስጥ ያስገባሉ፣ አውርደውም ለሌላ ይመለሳሉ። ዓመት ሙሉ በየቀኑ አልኮል ሲደርስባቸው ግን የያዙትን ማስገባቱም፣ ተመልሶ መውጣቱም ያቅታቸዋል። ገጹ ይራቆታል፤ መነሳት የነበረበት ደም ውስጥ ይቀራል።

እትዬ አስናቀች አሰቡ። "ባዶ ብርሌ ይዞ ጓዳ ገብቶ እንደሚቀር አሳላፊ በያታ።"

ዶክተሯ ሲተረጎምላት ሳቀች። "ልክ እንደሱ።"

"እንዲህ ያለውንማ በማግስቱ ነው የማሰናብተው።"

"ይሄን ማሰናበት አይቻልም፣ ማማ።"

ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። እትዬ አስናቀች ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ቢታወቅ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ጠየቁ። ያኔ መቅመሱ ቢቆም ብዙው ሊያገግም ይችል ነበር አለች ዶክተሯ፤ አሁን ጉበቱ ጠባሳ ሆኗል።

ወደ ቤት ስንመለስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ እጃቸውን ጨብጠው ነበር የተቀመጡት።

ታሪካቸውን እንድጽፍ ሲፈቅዱልኝ አንድ ነገር ብቻ አስቀሪልኝ አሉኝ። "አስተርጓሚዋ ማን እንደነበረች አትጻፊ። ሰው ይፈርድባታል። ልጅ ናት፤ ያልኩትን ነው ያለችው።"

እኔ ነበርኩ። አልጠጣም ያሉበትን ሦስቱንም ጊዜ፣ ጠዋት ጠጁን ሲቀምሱ አጠገባቸው ቆሜ አይቼ ነው አብረን የሄድነው።