በየኔታ ግድግዳ ውስጥ የቀበርኩት ገመድ

ፊደል ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። ቀኝ እጃቸውን የነሳኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ደባርቅ ላይ ጎረቤታሞች ነበርን። እሳቸው ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ፍየል ቆዳ ፍቀው ብራና ያወጣሉ፣ በመቃ ብዕር መጽሐፍ ይገለብጣሉ። እኔ የከተማው ጀነሬተር ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ናፍጣ እቀዳለሁ፣ አመሻሽ ላይ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን አጠፋለሁ። ቀን ቀን ሰው ቤት እየዞርኩ መብራት እዘረጋለሁ። ሙያውን ከጎንደር የመጣ አንድ ባለሙያ ሲሠራ መሰላል እየያዝኩለት በዓይኔ የለቀምኩት ነው። ማንበብ አልችልም ነበር። በቆጣሪ ሣጥን ላይ በቀይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ እንደ ጌጥ ነበር የማየው።

ዘመኑ ደርግ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ቀበሌው ማንበብ የማይችለውን ሁሉ በስም ጠርቶ አስገባን። አስተማሪ ስላነሰ የኔታንም መደቧቸው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ከጎኔ የተቀመጠችው ጠላ ሻጭ እኔ «ለ» ላይ ስንተፋተፍ እሷ «መ»ን ጨርሳለች።

«ምነው ጋሼ፣ መብራቱ ጠፋብህ እንዴ?» ትለኛለች፤ ክፍሉ ይስቃል።

አንድ ቀን ደብተሬን ወርውሬ ልወጣ ስል የኔታ ክንዴን ያዙኝ። «ተቀመጥ። ሽቦ ሲወሳሰብብህ ምን ታደርጋለህ?»

«ጫፉን እፈልጋለሁ፣ የኔታ።»

«ይኸም ሽቦ ነው። ጫፉን ፈልግና ያዝ።»

ያዝኩ። በዓመቱ ስሜን ጻፍኩ። ውለታቸውን ልመልስ ብዬ ቤታቸው በነጻ መብራት ልዘረጋላቸው ተነሣሁ፤ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና በኩራዝ መጻፍ እያቃታቸው ነው። በዚያን ጊዜ በሰሜን ተራራ ላይ ላለችው የጊች ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ይገለብጡ ነበር። የጊች ሰዎች የፍየሉን ቆዳ በበቅሎ ጭነው አምጥተው፣ «ከመሞትዎ በፊት አንድ የእጅዎ ጽሑፍ እኛ ዘንድ ይቅር» ብለው ለምነዋቸው ነው። የኔታም ይኸ የመጨረሻ መጽሐፌ ነው ብለው ቆርጠዋል።

ባለቤታቸው ገመዱ በግድግዳው ላይ ተጋድሞ እንዳይታይ ፈለጉ። «እባብ የተንጠለጠለ አስመስለህ እንዳትሄድ» አሉኝ። ገመድ ግድግዳ ውስጥ ሲቀበር በቱቦ ውስጥ ማለፍ አለበት። ይህን አውቃለሁ። ቱቦ ግን ከጎንደር እስኪመጣ አንድ ወር ይፈጃል፤ እኔ ደግሞ ሥራዬን ቶሎ ላሳያቸው ቸኩያለሁ። የጭቃውን ግድግዳ በመጥረቢያ ሰንጥቄ ገመዱን ያለ ቱቦ ራቁቱን ቀበርኩት፣ ጭድ በበዛበት ጭቃ መርጌ አለሰለስኩት። ሲደርቅ የት እንዳለፈ እኔም ጠፋኝ። ሴትዮዋ መረቁኝ። የኔታ አምፖሉ ሲበራ የጀመሩትን ገጽ ከፍ አድርገው አዩና፣ «አይ፣ እስከ ዛሬ እንዲህ ጠማማ ነበር የምጽፈው?» ብለው ሳቁ።

ክረምቱ ገባ። ደባርቅን የሚያውቅ ሰው ክረምቷን ያውቃል፤ ጉሙ ከሰሜን ተራራ ወርዶ ቤት ውስጥ ይገባል፣ ግድግዳ ያልበዋል። የኔታ ቤት ቫልቮላ መቃጠል ጀመረ። ቫልቮላ ማለት ከቆጣሪው አጠገብ ያለችው ሸክላ ናት፤ በውስጧ ፀጉር የምታህል ቀጭን ሽቦ አለች። በገመዱ ላይ ችግር ሲፈጠር ቀድማ ተቃጥላ ቤቱን ታድናለች። ሥራዋ መቃጠል ነው። ሰው ግን ስትቃጠል ይናደዳል፤ እኔም ተናደድኩ።

መጀመሪያ ቀን ቀጭኗን ሽቦ ለውጬ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ተቃጠለች። አምፖሉን ቀየርኩ፣ ማብሪያውን ፈታሁ፣ ደህና ነው። ደግማ ተቃጠለች። ሴትዮዋ በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ሲዘንብ ብቻ እኮ ነው የምትጠፋው» አሉኝ።

ዛሬ እንዲህ ያለ ቃል ብሰማ መሣሪያዬን አስቀምጬ መጀመሪያ ግድግዳውን ነው የማየው። ዋናውን አጠፋለሁ። አምፖሎቹን ሁሉ አወጣለሁ። አዲስ ቀጭን ሽቦ አስገብቼ ደግሜ አበራለሁ፤ አምፖል ሳይኖር ከተቃጠለች በሽታው ገመዱ ውስጥ ነው። ከዚያ አጥፍቼ ገመዱን በየመገናኛው እየለየሁ የታመመችውን ቁራጭ አገኛለሁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ አንዲት ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ በዚህ ቤት በቅርቡ ምን አዲስ ነገር ተሠራ? ብጠይቅ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። የኔታ ከመቀመጫቸው በላይ አንድ የብረት ችንካር መትተው የዳዊቱን ማኅደር አንጠልጥለውበታል። ማኅደር የመጽሐፍ የቆዳ ከረጢት ነው፤ የካህን ቤት መጽሐፍ መሬት ላይ አያስቀምጥም። ችንካሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ኮፍያዬንም ሰቅዬበታለሁ። ገመዱ በዚያ በኩል ማለፉን ግን ረስቼዋለሁ። ችንካሩ የገመዱን የላስቲክ ልብስ ገሽልጦት ነበር፤ ግድግዳው ሲረጥብ ኤሌክትሪኩ በእርጥቡ ጭቃ ውስጥ ይፈሳል።

ለሴትዮዋ የመለስኩላቸው፣ «እትዬ፣ ይኸ የእርስዎ ሥራ አይደለም» የሚል ነበር። የቀበርኩት ገመድ ጥፋት አለበት ማለት ግድግዳውን ማፍረስ ነው፤ ማፍረስ ደግሞ ቱቦ አለማስገባቴን ማሳየት ነው። ስለዚህ ቀጭኗን ሽቦ ጣልኩና ከወፍራም ገመድ የቆረጥኩትን መዳብ ቫልቮላው ውስጥ አጠመጠምኩ። የኔታ ከብራናቸው ቀና ብለው፣ «ምን አደረግህለት?» አሉኝ።

«አስተካከልኩት፣ የኔታ። ከእንግዲህ አይጠፋም።»

«ይባርክህ። አርባ ያህል መዝሙር ነው የቀረኝ።»

አልጠፋም። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ መብራቱ ቦግ እንዳለ ቆየ። በስምንተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ሞተሩን አስነሥቼ ብዙም ሳልቆይ አንድ ጎረቤት እየሮጠ መጣ። «አጥፋው! አጥፋው! የኔታ!» አጠፋሁት። ከተማው ጨለመ። እኔ ሮጥኩ።

የግድግዳው ጭድ ከውስጥ እየተቃጠለ ጭስ ሲያወጣ አይተው የኔታ መጽሐፉን ለማውረድ ተነሥተዋል። ማኅደሩን ሲያነሡ እጃቸው ችንካሩን ጨበጠ። ኤሌክትሪክ የያዘውን እጅ አይለቅም። ሴትዮዋ በእንጨት ዘነዘና እየመቱ እስኪያላቅቋቸው፣ እኔም ሞተሩን እስካጠፋ፣ መዳፋቸው በብረቱ ላይ ተጠብሷል። መጽሐፉ ደረታቸው ላይ ነበር። አንድ ገጽ አልተነካም።

ጎረቤቱ በግድግዳው ላይ ውኃ ሲደፋ እኔ ምን እንዳደረግሁ ልናገር። ወደ ቆጣሪው ሄድኩ። ወፍራሙን መዳብ ከቫልቮላው መንጭቄ ኪሴ ከተትኩ። በቦታው ከቀድሞዎቹ አንዷን የተቃጠለች ቀጭን ሽቦ አስገባሁ፤ ቫልቮላዋ ሥራዋን የሠራች እንድትመስል።

በማግስቱ የቀበሌው ሰዎች መጡ። ግድግዳውን ሲያፈርሱ ገመዱንና የወጋውን ችንካር አገኙ፤ ቱቦ መኖር እንዳለበት ግን ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። «ምንድን ነው ነገሩ?» አሉኝ። «የኔታ ችንካር መትተው ገመዱን ወግተውት ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ። እውነቱን ግማሹን ቆርጬ ሰጠኋቸው። ሪፖርቱን ጽፈው ቀለም ሲያቀርቡልኝ፣ «ጣቴን አልነክርም፣ እፈርማለሁ» አልኩ። የቀበሌው ጸሐፊ፣ «አየህ፣ ዘመቻው ፍሬ አፈራ!» ብሎ አጨበጨበ። በመንግሥት ወረቀት ላይ በገዛ ፊደሌ ስሜን ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የኔታ ከጎንደር ሆስፒታል ሁለት ጣት አጥተው፣ የቀሩት ተኮማትረው ተመለሱ። ብዕር መጨበጥ አልቻሉም። በግራ ሞከሩ፤ አንድ ቀን ሲሞክሩ አይቻቸው ሳልገባ ከበሩ ተመለስኩ።

መስከረም አልፎ መንገዱ ሲደርቅ አስጠሩኝ። ዳዊቱ እንዳለ ተጠቅልሎ ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ለጊች ካህናት ደብዳቤ ጻፍልኝ። መጽሐፉን ሳይጨርስ ላከው በል። የቀረውን የሚጽፍ ሰው ይፈልጉ።»

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ከዚያ ቆምኩ። «ምክንያቱን ምን ልበል፣ የኔታ?»

የተኮማተረውን እጃቸውን በጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ።

«የምታውቀውን ጻፍ» አሉ።

ሴትዮዋ ከምድጃው ዞር ብለው አዩኝ። መዳቡ ያኔም ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም። ጻፍኩ፦ በግድግዳ ላይ በመቱት ችንካር ምክንያት አደጋ ደርሶባቸው እጃቸው ስለታመመ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

የኔታ ወረቀቱን ተቀብለው በግራ እጃቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡት። ፊደል በፊደል አዩት፤ እንደ ክፍል ጊዜያችን።

«ጽሕፈትህ አምሯል» አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። በየሳምንቱ እሄድ ነበር፤ እንጨት እፈልጣለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ የግድግዳውንም ገመድ በቱቦ አድርጌ ደግሜ ሠራሁት። ስለ መብራት አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ቀብራቸው ላይ የጊች ካህናት መጥተው፣ ዳዊቱ ማንም ሳይጨርሰው እንዳለ መቀመጡን ነገሩኝ፤ የሌላ ሰው እጅ እንዲነካው አልፈለጉም። ደብዳቤውም ከውስጡ አለ አሉ። በእኔ ጽሕፈት።