ከጣራ በፊት የቆመ ግድግዳ

እኛ አገር፣ ፍኖተ ሰላም፣ የጭቃ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ ምሰሶው ይቆማል፤ ከዚያ ቆርቆሮው ይመታል። ምርጊት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ወንድሜ ግን ጣራው ሳይኖር መረገ። በማኅበር ያገኘው ቦታ ግድግዳ ካልቆመበት ይወሰዳል ተብሎ ነበር፤ የቆርቆሮ ዋጋ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ሆነ።

«አንተ! ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ልትይዝለት ነው?» ይሉታል ጎረቤቶች።

«አፈርና ጭድ አላጣሁም። ቆርቆሮውን ቡሬ ሠርቼ አመጣዋለሁ» ይላል።

ቡሬ ሄደ፣ ፎቅ ግንባታ ላይ። ከመወጣጫው ወደቀ። አመጡት። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

የምንኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው፤ ግቢው ለቀስተኛ አይችልም። እናቴ «ልጄ ከራሱ ቤት ይሸኝ» አለች። የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ከግድግዳው በላይ ወጥረው አሰሩት። በለቅሶው ሰሞን ዘነበ፤ ግድግዳው አልረጠበም። ከሰልስት በኋላ የዕድሩ ዳኛ ድንኳኑን ሊያስነሡ መጡና ሽቅብ አዩ።

«ሌላ ለቅሶ እስኪመጣ እዚሁ ይቆይ» አሉ። «ግድግዳው ክረምቱን ከዘለቀ ለቆርቆሮው እንረዳዳለን።»

ከዚያ ወዲህ የሰው ጤና መጠየቅ ጀመርኩ። ከእኛ ዝቅ ብለው የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ታመው ነበር። ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ እቆማለሁ።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ?»

«ተመስገን፣ ልጄ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ከወለድኩሽ ከአንቺ ይኸ ይሻላል! ወንድሙን ቀብሮ እኔን ይጠይቃል» ይላሉ።

ባዶው ቤት ውስጥ ስቀመጥ ድንኳኑ በነፋስ ይነሣል፣ ይወድቃል። ወንድሜ ጭቃ ሲረግጥ እንደዚያ ነበር የሚተነፍሰው። ዞር ብዬ አላይም።

አሮጊቷ ዐረፉ። የድንኳኑን ገመድ የፈታሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲፈታው አልፈለግሁም።

ከሰዓት በኋላ በእሳቸው ግቢ፣ በዚያው ድንኳን ሥር ተቀምጠን ሳለ ዝናቡ መጣ። አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩ ሰውዬ ትከሻዬን ይዘው «አይዞህ፣ ዕድሜም ጠግበዋል እኮ» አሉኝ።

ሲያባራ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። በመንገድ በኩል ያለው ግድግዳ ወርዶ እንጨቱ ብቻ ቆሟል። እናቴ ቀድማኝ ደርሳለች። ጫማዋን አውልቃ፣ ከወረደው ጭቃ ውስጥ ያልሟሟውን እየለቀመች ምሰሶው ሥር ታስቀምጣለች። «ተዪው» ልላት ነበር። አጠገቧ ተንበረከክሁ።

«የእሱ እጅ ያረፈበትን ለይልኝ» አለች።

እጄን ሰደድኩ። ሁሉም ጭቃ ነበር።