በእንጦጦ ጉም ውስጥ ሁለት ጅቦች

ነሐሴ ነበር። እናንተ ልጆች እንጦጦን በነሐሴ የምታውቁት ከታች ሆናችሁ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ቀና ስትሉ ተራራው የለም፣ ጉም ብቻ። ላይ ስትወጡ ግን ሌላ ነው። ጉሙ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ ዝናብ ባይኖር እንኳ ከባሕር ዛፉ የሚንጠባጠበው ውሃ አጥንት ድረስ ያረጥባል።

እኔ ያኔ ከቆላው ሥራ ከወጣሁ ሰንብቻለሁ። ብዙ ዘመን ታች ቆላ ለአደን የሚመጡ እንግዶችን ስመራ ኖሬ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ እዚሁ ጉለሌ ተመልሼ ነበር። ሰሚራ፣ አንቺ ገና መሄድ መጀመርሽ ነው። ናሆም ልጄ፣ አንተ ደግሞ አፍህን በቅጡ አልፈታህም። አባትሽ ጀማል ያኔም ጎረቤቴ ነበር፤ ያኔም ያው ባለሱቅ ነው።

ጀማል ስኳር አለብህ ተብሎ ሐኪም የእግር ጉዞ አዞት ነበርና ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ ሽቅብ ይወጣል። አንድ ቀን ከጫካው የሴት ጩኸት ሰማ። ዘነበች የምትባል እንጨት ለቃሚ ናት፤ ጅብ ክንዷን ይዟታል። በቀን ብርሃን። ጀማል በያዘው ዱላ ደብድቦ አስለቀቃት፣ አዝሎ አስፋልት አወጣት፣ ከዚያ በታክሲ ጳውሎስ ሆስፒታል አደረሳት። ማታ ሱቁ ሄጄ አገኘሁት። ጅቡን አባርሬዋለሁ ማለት አልችልም አለኝ። ዱላው ሲያርፍበት ዞር ብሎ እንኳ አላየውም፤ ለሀጩን እያዝረበረበ፣ አንድ የኋላ እግሩን እየጎተተ በቃ ትቷቸው ሄደ።

ያበደ ጅብ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ ሰው ለማስቀደስ እንጦጦ ማርያም ሕፃን አዝሎ ይወጣል፣ ያንኑ ጫካ አቋርጦ ይወርዳል። የጫካው ጠባቂዎች ጠመንጃ አላቸው፣ አውሬ ላይ ተኩሶ የሚያውቅ ሰው ግን የላቸውም። ግደሉት የሚል ፈቃድ ሲመጣ እኔን ለመኑኝ። ከዘነበች ሌላ ጅቡን በዓይኑ ያየው ጀማል ብቻ ስለሆነ እሱም ልምጣ አለ። ሰሚራ፣ እናትሽ ዘሀራ አልከለከለችውም። በር ላይ አቁማ የካፖርቱን ቁልፎች እንደ ሕፃን ልጅ እስከ አንገቱ ቆለፈችለትና ወደ ውስጥ ገባች።

ጠባቂዎቹ ቅዳሴው ሳያልቅ መንገዱን ከላይና ከታች ዘጉ። ሁለታችን ብቻ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን ገባን። እኔ የጎማ ቦት አድርጌያለሁ፤ ጠመንጃውን ውሃ እንዳይገባው አፈሙዙን ወደ መሬት ደፍቼ ይዣለሁ። ጀማል ያቺኑ ዱላውን ይዟል። ዘነበች ከወደቀችበት ዝቅ ብሎ ጭቃው ላይ ዱካ አገኘን። የጅብ የፊት እግር ከኋላው ይሰፋል፤ የዚህኛው ሦስት እግር በደንብ ታትሟል፣ አራተኛው ግን ዱካ ሳይሆን መስመር ነው፣ በጣት እንደተሰመረ። መስመሩን ተከትለን ወረድን። አንድ ፈፋ አፋፍ ላይ ስንደርስ መሬቱ ድንጋይ ሆነና ዱካው ጠፋን።

እዚያ ቆመን ሳለ ጉሙ ተከፈተ። ከፊታችን ጅብ ቆሟል።

ጤነኛ ጅብ ሰው ሲያይ ዞር ይላል። ይሄኛው ወደ እኛ መጣ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩ። ጀማል በሹክሹክታ «እሱ ነው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

እውነቴን ነው። ያበደ ጅብ ወደ ሰው ይመጣል፤ ግን ቡችሎች ያሏት እናትም ሰው ከጉድጓዷ ሲጠጋ እንዲሁ ትመጣለች። ሣሩ ረጅም ስለሆነ እግሩን አላይም። በመካከላችን የወደቀ ባሕር ዛፍ ነበር። እስከዚያ ግንድ ድረስ አያለሁ፣ ግንዱን ካለፈ ምንም ይሁን ምን እተኩሳለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ይህን ከቆረጥኩ በኋላ እጄ ረጋ። ጀማል ተኩስ አላለኝም፤ ትንፋሹ ብቻ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል።

ጅቡ ግንዱ ጋ ደረሰ። ቆመ። ጅራቱን ሽቅብ አቁሞ፣ አንገቱን አስግጎ አጉረመረመ። ከዚያ ወደ ጎን ሲዞር ሆዱን አየሁት፤ ጡቷ ወተት ሞልቶ ተንጠልጥሏል። እናት ናት። ከኋላዋ፣ ከሥሮች መሐል፣ ጥቁር ትንሽ ፊት ብቅ ብሎ ተመለሰ። አፈሙዙን ዝቅ አደረግኩና አንድ አንድ እግር ወደ ኋላ አልን። እሷም ተወችን። ጀማል ቀስ ብሎ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

የደከመን ያኔ ነው። ጀማል ከእኔ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ እኔ ዞሮ ቆመ፣ ግንባሩን በካፖርቱ እጅጌ ይጠርጋል። ጉሙ እንደገና መዝጋት ጀመረ። በዚህ መሐል ከጀርባው፣ ከፈፋው ውስጥ፣ ጭቃ ላይ ነገር ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ ጥላ አየሁ፤ ዝቅ ያለ፣ ራሱን የደፋ፣ እየተንገዳገደ በቀጥታ ወደ ጀማል የሚመጣ። ሰው እንዳልሆነ አራት እግሩ ነግሮኛል። ጅብ ይሁን ከሠፈር የወጣ ውሻ ግን አልለየሁም፤ ጉሙም በየደቂቃው ይብስ ነበር እንጂ አይገለጥም።

«ጀማል፣ ቁጭ በል» አልኩት።

ለምን አላለም። ወደ ኋላም አልዞረም። ዓይን ዓይኔን እያየ ቁጭ አለ። አፈሙዙ በቀኝ ጆሮው አጠገብ አለፈ፤ ምላጩን ሳብኩ።

እሱ ነበር። ከጀማል ጀርባ፣ ዱላ ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ ነው የወደቀው። የኋላ እግሩ ላይ የድሮ የወጥመድ ሽቦ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። በሽታው ሳይዘው በፊትም ሲሠቃይ የኖረ ፍጡር ነው፤ አሳዘነኝ፣ አልዋሻችሁም። ጀማል ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ ካፖርቱን ቁልቁል አየና፣ ዘሀራ እንዲህ አድርጌው ስታይ ምን ትለኛለች አለኝ። ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። የራሱ ድምፅ እንደማይሰማው ያኔ አላወቅኩም።

ናሆም፣ አንተ ቅድም እርግጠኛ ሆነህ ነው ወይ የተኮስከው ብለኸኛል። አይደለም። ሁለቱንም ጊዜ እርግጠኛ አልነበርኩም። መጀመሪያ ላይ ግን መጠበቄ ያሳየኝ ነበር፤ እያንዳንዷ እርምጃዋ አንድ ነገር ትነግረኛለች፣ ግንዱም ገና ነው። ሁለተኛው ላይ ብጠብቅ የማየው ይቀንሳል፣ የማጣው ይበዛል። ውሻ ሆኖ ቢገኝ አዝኜ እቀብረዋለሁ። ጀማል ቢነከስ ግን እናንተን በምን ዓይኔ አያችሁ ነበር? እናንተም ነገ ሥራ ስትመርጡ፣ ትዳር ስትይዙ፣ ሙሉ በሙሉ ጠርቶ የሚታይ ነገር አታገኙም። መጠበቁ የሚያሳያችሁ ከሆነ ጠብቁ፤ የት ድረስ እንደምትጠብቁም አስቀድማችሁ ለራሳችሁ ንገሩ። መጠበቁ ማሳየቱን ሲያቆም ባላችሁ ነገር ወስኑና ግቡበት።

ዘነበች መርፌዋን ጨርሳ ዳነች። እናትዮዋንም ጠባቂዎቹ ክረምቱ ሲወጣ ሦስት ቡችሎች አስከትላ አይተዋታል።

የጀማል ቀኝ ጆሮ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰም። ሐኪም ዘንድም ወሰድኩት፣ አልሆነም። አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሰርግም ሆነ ለቅሶ አብረን ስንሄድ፣ ማንም ሳያይ ዞሬ በግራው በኩል እቀመጣለሁ። እዚያ ስሆን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ባወራውም ይሰማኛል።