የፈላው ጸበል

ዛሬ ጠዋት ውሃ ሳፈላ እንፋሎቱ የጀሪካን ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሽታው ጁባ፣ አማራት ሰፈር ካለው የአባቴ ምግብ ቤት ጓሮ ወስዶ ጣለኝ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከተማው ውስጥ ኮሌራ ገብቶ፣ የሳይንስ አስተማሪያችን «ሳታፈሉ አንዲት ጠብታ እንዳትጠጡ» ብሎናል። ታናሽ እህቴ ሆዷን አሟት ተኝታለች። እናቴ ከአዲስ አበባ በጀሪካን ያስመጣችውን ጸበል ልታጠጣት ስትቀዳ አየሁት፤ በጁባ ሙቀት አረንጓዴ ሆኗል። ጸበሉ እንደሚያድናት አምናለሁ። አስተማሪዬንም አምናለሁ። ስለዚህ እናቴ ዞር ስትል የቀዳችውን አፈላሁት።

ድስቱን ስታይ ጮኸች። የንስሐ አባታችን ተጠርተው መጡ።

«ልጄ፣ ጸበል ይፈላል እንዴ?»

«ጀርሙን ልገድል እንጂ በረከቱን አይደለም፣ አባ። እሳት በረከት ይገድላል?»

ከያዙት የታሸገ ውሃ ተጎነጩና፣ «ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ጫማሽን በር ላይ ታወልቂ የለ? ጥያቄሽንም እዚያው ትተሽው ግቢ» አሉኝ።

የፈላውን እግር በማይረግጠው ጥግ ደፉት፤ ለካ ፈልቶም ጸበል ነበር። ለእህቴ አረንጓዴውን አጠጧት። ዳነች። እናቴ እስከ ዛሬ «ያንቺን ባንደፋው ኖሮ» ትለኛለች።

አሁንም እሑድ እሑድ ቅዳሴ አልቀርም። የማስቀድሰው ግን ከበሩ ውጭ ቆሜ፣ ጫማዬን እንዳደረግሁ ነው።